ዳቦ ቤቱ አጠገብ

ልብስ ሰፊዋ የሱቋን በር ከፍታ ስትገባ ሁለቱ የስፌት መኪናዎቿ ሞተር አልባ ሆነው ቆመዋል። ሌባውን ከነዘር ማንዘሩ እየተሳደበች ወደ ጓዳ ስትል ከኋላው መስኮት በኩል የጠዋት ብርድ ፊቷን መታት። መስኮቱ ፍሬም እንጂ መስታወት የለውም። አንገቷን አስግጋ ወደ ውጭ ስታይ ስድቡ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ዘበኛው ግድግዳው ሥር በጎናቸው ተጋድመዋል። ቆባቸው ርቆ ወድቋል፤ ሽበታቸው በደም ተጣብቋል።

«አባባ! ኧረ የሰው ያለህ!»

የሰው ያለህ ከተባለ መቼም ሰው አይጠፋም፤ የሚረዳው ጥቂት፣ የሚያየው ብዙ ይሁን እንጂ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አባባን አምቡላንስ ወስዷቸዋል። ይተነፍሳሉ፤ አይናገሩም። ይችን ሴትዮ ፖሊሶቹ ከኋላዋ «ጠርጥር» ይሏታል፣ ከፊቷ ደግሞ «አለቃዬ»። እሷም ታውቃለች፤ ማወቋን እነሱም ያውቃሉ፤ እንዲህ ተከባብረው ይኖራሉ። ሞላ ያለች ናት፤ ስትቀመጥ ወንበሩ የሆነ ነገር ሳይናገር አይቀርም።

«ሳጅን፣ ና እስቲ ይሄን እይልኝ።»

ሳጅኑ ዳቦ እያኘከ መጣ። ሥራ ሲበዛበት ይርበዋል፤ ሥራ ሲያጣም ይርበዋል።

«ምን ይታይሃል?»

«መስታወት፣ አለቃዬ።»

«መስታወት መሆኑንማ ዐይን ያለው ሁሉ ያየዋል። አቀማመጡን ነው የምልህ!»

መስታወቱ ከፍሬሙ ሙሉውን ወጥቶ ግድግዳው ላይ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ ተነጥፎለታል። ጭረት እንኳ የለበትም። ሌባ ሲቸኩል ሰብሮ ይገባል፤ ይሄኛው ግን የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

«ጨዋ ሌባ ነው» አለ ሳጅኑ። «ይሄ ነጭ ነገር ግን ዱቄት ነው። የመስኮቱ ደፍ ላይ ሙሉ ተነስንሷል። ዳቦ ቤቱ እኮ እዚሁ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ከነጩ ነገር ትንሽ በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ሬዲዮዋን አንስታ «ስርቆትና ከባድ የአካል ጉዳት፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ» ብላ ለጣቢያው አስተላለፈች። በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ስርቆት ሲደርስ አራተኛው ነው፤ ፀጉር ቤቷ፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ፎቶ ቤቱ፣ አሁን ደግሞ ልብስ ሰፊዋ። ሰው የተጎዳው ግን ገና ዛሬ ነው።

*

ጣቢያው ውስጥ አንድ አዲስ ሰው አለ። የወንጀል ሥነ ልቦና ተምሮ የመጣ፣ መነጽራም፣ ለስላሳ ልጅ። ሁሉን ነገር በመቶኛ ስለሚያወራ ስሙ «ከመቶ» ሆኖ ቀርቷል። ደህና አደርክ ሲሉት እንኳ አስልቶ የሚመልስ ይመስላል።

«የድሮ መዝገቦችን በሙሉ አብልቼዋለሁ» አለ ኮምፒውተሩን እያሻሸ፣ ላም የሚያልብ ይመስል። «ወንጀሉ እንዴት እንደተፈጸመ ስነግረው፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያደረጉት ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ አይቶ የአጥፊውን መልክ ያወጣልኛል። ስም አይሰጠኝም። ዓይነቱን ነው የሚሰጠኝ።»

«ዓይነቱንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሌባ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «በል ንገረኝ።»

«ወንድ፤ ከመቶ ዘጠና አራት። ከሃያ አምስት ዓመት በታች፤ ከመቶ ሰማንያ አንድ። በመስኮት የሚገባ ብዙውን ጊዜ ቀጭንና ቀልጣፋ ነው። ሌሊት የሚነቃ። ከዚህ ቀደም በትንሽ ጥፋት የተያዘ። ሰፈሩን የሚያውቅ።» ከዚያ ካርታውን አዞረላት። «የሚኖረው ደግሞ እዚህ።»

ካርታው ላይ ቀይ ነገር ተንጣሏል፤ መሐሉ ጠቁሯል። የጠቆረው ቦታ ዳቦ ቤቱ ነው።

ሳጅኑ ጠረጴዛውን መታ። «ዱቄት! አለቃዬ፣ ዱቄት ነው!»

«የቱ ዱቄት?»

«የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነዋ! ዱቄት ነው የምንለው። እንጨት ያህላል፣ ሌሊት ነው የሚሠራው፣ አምና የጎረቤት ብስክሌት ነድቶ ጣቢያ አድሮ ነበር!»

ከመቶ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። ፊቱ ላይ ደስታም ፍርሃትም አለ። «እኔ እኮ ዓይነቱን ነው ያልኩት…» አለ። ማንም አልሰማውም። ከሰዓት በፊት ዱቄት ታሰረ፤ ሳጅኑም ጉዳዩን «የተፈታ» ብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባው።

*

ልጁ ከነሽርጡ ነው የመጣው። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። የጫማ ክሩንና ቀበቶውን በር ላይ ተቀብለውታል፤ ሲራመድ ጫማው እያመለጠው ይጎተታል።

«ሌሊቱን የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ።»

«አባትህ ምድጃው ጋ አጣሁት ብለዋል። አንድ ሙሉ ዙር ዳቦ አርሮ፣ ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ ብለዋል።»

ዱቄት ጫማውን ማየት ጀመረ።

«አባባን ታውቃቸዋለህ?»

«ሁሌ ትኩስ ዳቦ እወስድላቸው ነበር።» ከጫማው ቀና አለ። «ይድናሉ?»

«እንጃ። ካልዳኑ ነገሩ ስርቆት ብቻ አይደለም። ገብቶሃል አይደል?»

ገብቶታል። እንባው ዱቄቱ ላይ መንገድ አወጣ። በኋላ አንገቱን ወደ እሷ አስጠግቶ ሹክ አለ። «ብነግርዎት ለአባዬ አይነግሩብኝም?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ተኝቼ ነበር። ዱቄት መጋዘኑ ውስጥ፣ ጆንያ ላይ። ዳቦ ሲያርብኝ ሁለተኛዬ ነው። ባለፈው ምድጃው ተበላሽቷል ብዬ ዋሽቼ፣ አባዬ ጠጋኝ ጠርቶ ምድጃውን በታትኖ አስገጥሞታል።»

ኢንስፔክተሯ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ሳለች። «እና ከአባትህ ቁጣ እስር ቤት ይሻላል?»

«አባቴን አያውቁትም» አለ ልጁ ከልቡ።

ኮሪደሩ ላይ የእንጨት አግዳሚ አለ፤ እናትየው እዚያ ላይ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሯ ስትወጣ ብድግ አለች።

«እህቴ፣ ልጄ ሰነፍ ነው። እምልልሻለሁ፣ ከሰነፍም ሰነፍ ነው። መስኮት ዘሎ ሞተር የሚሸከም ልጅ ቢሆን ኖሮ እኔ መች ጠዋት ጠዋት በውኃ እቀሰቅሰው ነበር?»

እንዲህ ያለ የመከላከያ ቃል ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ ሰምታ አታውቅም። አመነችው ማለት ይቻላል። ማመን ግን ማስረጃ አይደለም፤ አዛዡ ደግሞ ነገ ጠዋት ልጁ ወደ ትልቁ እስር ቤት ይዛወር ብሎ ፈርሟል።

*

ልብስ ሰፊዋ ሌላ ሰው ጠርጥራ ነበር፤ ተጣልታት የወጣችውን የቀድሞ ረዳቷን። «ቂመኛ ናት፤ ሞተሩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች» አለች። ሳጅኑ ሄዶ አጣርቶ ተመለሰ።

«ረዳቷ ትናንት ሌሊት ምጥ ላይ ነበረች። ሴት ልጅ ወልዳለች።»

«ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይወለድም» አለችና ኢንስፔክተሯ ያንን በር ዘጋችው።

የቀራት ጨርቁ ነው። ያ ከመስታወቱ ሥር የተነጠፈው ጨርቅ ከሐሳቧ አልወጣ አላት። እንቅልፍ ሲጥለው ዳቦ የሚያሳርር ልጅ፣ ለሰው መስታወት ጨርቅ አጥፎ ያነጥፋል?

«ከመቶ፣ ኮምፒውተርህን ያዝ። የመጀመሪያዋን ተሰራቂ እንጠይቃለን፤ ፀጉር ቤቷን።»

«መዝገቧ አለኝ እኮ።»

«መዝገቧ ፀጉር አይሠራም። ተነሥ።»

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ደረሱ። አድራሻው «ዳቦ ቤቱ አጠገብ» ነው የሚለው። በግራ ቢያዩ ሚስማር ሻጭ፣ በቀኝ ቢያዩ አጥር። ፀጉር ቤት የሚባል ነገር የለም። ኢንስፔክተሯ አንዲት አላፊ አግዳሚ ጠየቀች።

«ፀጉር ቤቷ? እዚሁ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ናት» አለች ሴትዮዋ። «ቁልቁል ውረዱ፣ ከቧንቧው ታጠፉ፣ ትንሽ ሄዳችሁ ደግሞ ታጠፉ፣ ሜዳው ሲታያችሁ እዚያው ናት።»

ወረዱ፤ ታጠፉ፤ ደግሞ ታጠፉ። ኢንስፔክተሯ ማለክለክ ጀመረች። ከመቶ መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር፤ ከሁለተኛው መታጠፊያ በኋላ ፊቱ መገርጣት ያዘ። ፀጉር ቤቷ ደጃፍ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነው።

«እመቤት፣ አድራሻዎትን ለፖሊስ ሲሰጡ ለምን ዳቦ ቤቱ አጠገብ አሉ?»

«ታዲያ ምን ልበል?» አለች ባለፀጉር ቤቷ፣ የደንበኛዋን ጭንቅላት በአረፋ ሸፍና እንደያዘች። «መንገዱ ስም የለው፣ ቤቱ ቁጥር የለው! ሰው የሚያውቀው ዳቦ ቤቱን ነው። ሞባይል ጠጋኙም እንደዚያው ይላል፣ ፎቶ ቤቱም።»

ከመቶ ኮምፒውተሩን ፀጉር መታጠቢያው ላይ ከፈተ። «አራቱንም አንድ ቦታ ላይ ነው የተከልናቸው» አለ። «ሳጅኑ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ሲባል ካርታው ላይ ዳቦ ቤቱን ነካ፤ እኔም ሄጄ አላየሁም። ፕሮግራሙ ሌባውን አላገኘም። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቤት ነው ያገኘው።»

ኢንስፔክተሯ በሬዲዮ ያስተላለፈችው የራሷ ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ልብስ ሰፊዋም ሁለት መታጠፊያ ታች ነች።

«አሁን በትክክል ትከላቸው።»

አራቱን ነጥቦች አንድ በአንድ አነሣና እየጠየቀ በየቦታቸው አስቀመጣቸው። ቀዩ ነገር ከዳቦ ቤቱ ላይ ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ። አራቱ ሱቆች ኳስ ሜዳውን ከበው ተቀመጡ፤ የሁሉም ጀርባ ወደ ሜዳው ነው።

«እና ፕሮግራምህ አሁን ሌባው የት ይኖራል አለ?»

ከመቶ በአፍረት አያት። «ሜዳው መሐል።»

«በረኛውን ልሰረው?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ከውጭ ጩኸት መጣ፤ ከዚያ ድው! ኳስ የኋላውን ግድግዳ መታ። ባለፀጉር ቤቷ አረፋዋን እያንጠባጠበች ወደ መስኮቱ ሮጠች። «እናንተ ልጆች! መስታወቴን ደግማችሁ ንኩና እናንተን ነው የማጥበው! በዚህ ዓመት ብቻ ስንቴ አስገጠምኩ!»

ኢንስፔክተሯ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን አረፋ ተሻገረች። ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ተጠግታ መስታወቱን ከፍሬሙ ጋር የያዘውን ስቱኮ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰጠመ።

«ይሄ መቼ ነው የተገጠመው?»

«ከተሰረቅኩ ማግስት፣ ይኸው ወራት አለፈው።»

ወራት ያለፈው ስቱኮ ድንጋይ መሆን ነበረበት። ኢንስፔክተሯ ከኪሷ ወረቀቱን አውጥታ ከነጩ ነገር ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገች።

«ማስረጃ እኮ ነው!» አለ ከመቶ በድንጋጤ።

«ዱቄት ቢሆን ይጣበቅ ነበር። ይሄ ጥርስ ላይ የሚያንቋቋ ኖራ መሳይ ነገር ነው፤ የጣት ቅባት ከመስታወት ላይ ለመጥረግ መስታወት ገጣሚዎች የሚነሰንሱት።» ምራቋን በመሐረብ ተፋች። «ፕሮግራምህ በመስኮት የሚገባ ወጣት ነው ያለው ለምንድን ነው?»

«እስካሁን በመስኮት የገቡት ሁሉ ወጣቶች ስለነበሩ…» አለና ቆመ። «የተያዙት ማለቴ ነው። እሱ የሚያውቀው የተያዙትን ብቻ ነው።»

«ሮጦ ያመለጠውንማ ከየት ያውቀዋል» አለች። ከዚያ ወደ ባለፀጉር ቤቷ ዞራ፣ መስታወቱን የሚገጥምላት ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሴትዮዋ እንዲህ ዓይነት ጥያቄም አለ እንዴ በሚል ዐይን እያየቻት መለሰችላት።

ኢንስፔክተሯ ሜዳውን ዞረች። የእያንዳንዱን ቤት መስኮት በአውራ ጣቷ እየተጫነች ነው የዞረችው። አንዳንዱ ድንጋይ ነው። አንዳንዱ ሊጥ። ሊጥ ከሆኑት ውስጥ ያልተሰረቁ ሁለት ቤቶች አሉ፤ ተራቸውን የሚጠብቁ።

*

ኢንስፔክተሯ ከመቶንና ሳጅኑን አስከትላ ስትገባ የሰፈሩ መስታወት ገጣሚ ጋሽ መስታወት ሱቃቸው ውስጥ ሻይ እየጠጡ ነበር። ስድሳን የዘለሉ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ለማንም ሰላምታ የማያጓድሉ ሰው ናቸው። ግድግዳው ዙሪያ መስታወት ተደርድሯል፤ ኢንስፔክተሯ ከየአቅጣጫው ራሷን አይታ ዛሬ ፀጉሯን አለመሥራቷን አስታወሰች። መሬት ላይ ገለባ የተጠቀጠቀባቸው የእንጨት ሣጥኖች አሉ፤ ሁሉም ላይ በቀይ ቀለም «ተሰባሪ! አትንኩ» ተጽፏል።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ሳጅን፣ ዛሬ ዳቦ የለም እንዴ?»

ሳጅኑ አፈረ።

«ጋሼ፣ አባባ የተጎዱበትን ሌሊት የት እንዳደሩ ልጠይቅዎት ነው።»

«ሴት ልጄ ዘንድ። ልጆቿ ሲናፍቁኝ እዚያ አድራለሁ። ጠይቋት።»

«ጎረቤት ነግሮን ጠይቀናታል» አለች ኢንስፔክተሯ። «አዎ አባቴ እኛ ጋ ነበር አለች። ቤቷ ግን ሜዳው ጥግ ነው፤ እሷም ተኝታ ነበር።»

«ሌሊት ሰው ይተኛል፣ ልጄ።»

«ይተኛል። ዱቄትም ተኝቶ ነበር።»

የሽማግሌው የሻይ ብርጭቆ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። «ምስኪን ልጅ» አሉ። «እሱ ነው ሲሉ ሰምቼ አዘንኩ።»

«የሚገጥሙት ስቱኮ ለምን አይደርቅም፣ ጋሼ?»

«የዘንድሮ ዘይት ነው። ዘይቱ ተበላሽቷል። ምን ያልተበላሸ ነገር አለ?»

ከመቶ አፉን ሊከፍት ሲል ኢንስፔክተሯ በዐይኗ ዘጋችው። ሱቁን ቃኘች፤ ወንበር አንድ ነው፣ እሱም ሽማግሌው ሥር ነው። «ደክሞኛል፤ ያ ቁልቁለት ገደለኝ» አለችና ጥጉ ላይ ካለው ሣጥን ወደ አንዱ አመራች።

«ኧረ እዚያ ላይ አይሆንም!» ጋሽ መስታወት ሻዩን ደፉት። «ተሰባሪ ነው! ልጄ፣ በእናትሽ! ሙሉ መስታወት ነው፣ ይቆርጥሻል!»

ኢንስፔክተሯ ተቀመጠች። እንዲሁ አይደለም የተቀመጠችው፤ ከነሙሉ ሰውነቷ፣ እንደ ሶፋ ተደላድላ ነው። ክዳኑ ተለመጠ፤ ሳጅኑ ዐይኑን ጨፈነ። ሁሉም የስብራቱን ድምፅ ጠበቀ።

ምንም ድምፅ የለም።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «እኔን ያህል ሰው ተሸክሞ ኪሽ የማይል መስታወት ካለዎት፣ ለዚያች ፀጉር ሠሪ ይግጠሙላት። ከኳስ ትገላገላለች።»

ሳጅኑ ክዳኑን ፈነቀለው። ከገለባው ሥር ሁለት የስፌት መኪና ሞተር በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ተቃቅፎ ተኝቷል። ከሥራቸው የፎቶ ቤቱ ካሜራ። ጨርቁ ከመስታወቱ ሥር የተነጠፈው ዓይነት ነው። ተሰባሪ የተባለ ሣጥን ለመንካት እስከ ዛሬ ማንም ደፍሮ አያውቅም ነበር።

ጋሽ መስታወት ባዶውን ብርጭቆ አስቀመጡ። አሁንም ድምፅ ሳያሰሙ ነው ያስቀመጡት።

«አንድ ቀን መስኮት ስገጥም ውስጡን አየሁ» አሉ። «ያየሁት ነገር አልወጣልኝ አለ። ከዚያ ስቱኮውን በዘይት አበዛሁት። ደረቀ አልደረቀ፣ ማን ነክቶ ያያል?» የተደፋውን ሻይ በመዳፋቸው ጠረጉ። «ዘበኛውን አልመታኋቸውም። ልብሴን ያዙኝ፣ መነጨቅኩ፣ ወደቁ። በእግዜር ስም፣ አልመታኋቸውም።»

«ጥለዋቸው ሄዱ ግን።»

«ሄድኩ።»

«ልጁም ታሰረ።»

«ከሌሊቱ ጀምሮ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።»

«እንቅልፍ አጥተውም አልመጡም» አለች ኢንስፔክተሯ። ጋሽ መስታወት በመስታወቶቹ ሁሉ ውስጥ አንገታቸውን ደፉ።

*

ጣቢያ ሲደርሱ ስልኩ እየጮኸ ነበር። ከሆስፒታል ነው። ኢንስፔክተሯ ቆማ አነሣችው፤ ከዚያ ሳታስበው ተቀመጠች።

«ነቅተዋል» አለች። «አባባ ነቅተዋል። ዐይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የተናገሩት ለነርሷ ነው፤ የኋላ በር ሳትዘጊ አትውጪ አሏት።»

ሳጅኑ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ዐይኑን ጠረገ፤ ከዚያ ደግሞ ጉንፋን ነው አለ።

ከመቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ እናትየዋን አስጠራት። «ይምጡ፣ ይዩ» አላት። «ልጅዎት እዚህ ውስጥ ጥፋተኛ ተብሎ ገብቷል። ሳይወጣ ቢቀር ፕሮግራሙ ከእሱ ይማር ነበር፤ ነገ ሌላ ዳቦ ጋጋሪ ሲያይ ልጅዎትን እያስታወሰ ያሳስር ነበር።» ሰረዘው። «ወጣ።»

«ሙሉ በሙሉ?» አለች እናትየው፤ ጣቷን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አድርጋ ልጇ የነበረበትን ቦታ እየዳበሰች።

«ከመቶ መቶ።»

«ከመቶ መቶ ሲል ገና ዛሬ ሰማሁት» አለ ሳጅኑ። ከመቶም ከነገ ጀምሮ እያንዳንዱን ነጥብ ራሱ ሄዶ በእግሩ ሳይረግጥ እንደማይተክል ተናገረ፤ ኢንስፔክተሯ ጫማ ግዛ አለችው።

በሩ ተከፈተና ዱቄት ወጣ። ቀበቶውንና የጫማ ክሩን በአንድ እጁ ጨብጧል። እናቱን ሲያያት ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብሎ ክሩን ጫማው ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ጫፉ ተተርትሯል፤ ቀዳዳው እምቢ አለው። አንድ ጊዜ ሞከረ፤ እንደገና ሞከረ።

እናቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ጫማውን ከእግሩ አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገችው፣ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ጠቀለለችው፣ ቀዳዳ በቀዳዳ አስገባችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ልጁ የሃያ ዓመት ጎረምሳ መሆኑን ሁለቱም ረስተውታል። ጎንበስ ብላ ጥብቅ አድርጋ አሰረችለት፣ ሁለት ጊዜ፣ እንዳይፈታ።

«በል ተነሥ» አለችው።

ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ጫማው አልተጎተተም። ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ በሙሉ ለቀቀችው።